ኮንስትራክሽን የት ልማር ለምትሉኝ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ቲቸር፣ ኮንስትራክሽን መማር እፈልጋለሁ፣ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?» የሚጠይቁኝ ተማሪዎቹ ብቻ አይደሉም። እኔ ጋ ተምረው ዛሬ ሳይት የሚመሩ ልጆች ስለ ታናሽ ወንድማቸው ይጽፉልኛል። እናቶችም በልጃቸው ስልክ ድምፅ ቀድተው ይልካሉ። ለሁሉም ለየብቻ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከመልሱ ልጀምር። ኮሌጅን በስሙ፣ በፎቁ ብዛትና በምርቃት ፎቶው አትምረጡ። ሄዳችሁ «ኮንክሪት የምትሰብሩበትን ማሽን አሳዩኝ» በሉ። ማሽኑ ካለ፣ የሚሠራ ከሆነ፣ ተማሪም የሚነካው ከሆነ ስለ ክፍያውና ስለ ሌላው ነገር መነጋገር ይቻላል። ካልሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

በአንድ ማሽን ሙጥኝ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሳይት ላይ «ሲ-25» ሲባል የምትሰሙት ኮንክሪት ቁጥሩን የሚያገኘው ከዚያ ማሽን ነው። አርማታው ሲሞላ ከእሱ ላይ ይወሰድና በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሞልድ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ በማግሥቱ ከሞልዱ ይወጣል፣ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ በ28ኛው ቀን ማሽኑ ሥር ገብቶ እስኪሰበር ይጨመቃል። በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ከተሸከመ ስሙን አገኘ ማለት ነው። ይህንን ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ተማሪ ውስጥ የሚገባው ግን ሁለት ኩብ ጎን ለጎን አድርጎ በእጁ የሰበረ ቀን ነው፤ አንዱ በልኩ ውሃ የተቦካ፣ ሌላው «ትንሽ ውሃ ጨምርበት፣ ይቅለልህ» ተብሎ የቀጠነ። ቁጥሩን ራሱ ያነባል። ያ ልጅ ነገ ሳይት ላይ ሲቆምና ሚክሰሩ ጋ ያለው ሠራተኛ ባልዲ ውሃ ሊደፋ ሲል እጁን ይይዘዋል። ኖት አንብቦ ብቻ የተመረቀው ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ባልዲው ምን እንደሚያደርግ አይቶት አያውቅም።

ድሬ ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። የምናስተምርባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በረዶ በሚያስቸግራቸው አገሮች ነው። እኛን የሚያስቸግረን ሙቀት ነው። በግንቦትና ሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ከተማ በቀትር ሶሌታ የሚሞላ ሰው አርማታው ካሳፎርማው ላይ ሳይደላደል መድረቅ ይጀምርበታል። ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ይወስዱታል፣ ላዩ ይሰነጣጠቃል፣ ሲሚንቶውም የሚፈልገውን ውሃ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ወይም ሲመሽ መሙላት፣ ጠጠሩን በጥላ ማቆየት፣ ከሞሉ በኋላ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። እሑድንም ጨምሮ! «እሑድ ዘበኛው ያጠጣል» የተባለባቸውን ሶሌታዎች ስንቱን አይቻለሁ። ዘበኛው ምን በወጣው?

የአሸዋውን ጉዳይም ልጨምር። በእኛ አካባቢ ከደረቅ ወንዝ የሚዛቅ አሸዋ ብዙ ነው። ጎርፍ ያመጣው ስለሆነ ጭቃም ይዞ ይመጣል። የኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቅደው የጭቃ መጠን ከ6 በመቶ ያልበለጠ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አሸዋው ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። በሳይት ደረጃ ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ብርጭቆ ማሰሮና ውሃ ብቻ ነው። አሸዋና ውሃ ከተህ ትንጣለህ፣ ታስቀምጠዋለህ፣ ጭቃው ከላይ ሲሰፍር በማስመሪያ ትለካዋለህ። «በጀት ስለሌለን ላብ የለንም» የሚል ተቋም ይህችን እንኳ የማያሠራ ከሆነ ችግሩ የበጀት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምላችሁ መሐንዲስ ለማስመሰል አይደለም። ይህ ከተማ የ98ቱን የደቻቱን ጎርፍ ያየ ከተማ ነው፤ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የቆመው ግንብ፣ ድልድዩ፣ የውሃ መውረጃው፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ተለክቶ፣ በሌላ ሰው ፊርማ የሚያልፍ ሥራ ነው። በታኅሣሥ 2017 በአዋሽና ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የከረመውንም አልረሳነውም። እኛም ያለነው በዚያው ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ዲግሪ መያዝ ለባለቤቱ የሥራ ጉዳይ ነው፤ እሱ በፈረመው ሶሌታ ሥር ለሚተኙት ግን ሌላ ነገር ነው።

በእጅ መማር ለድሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። ከዚራን የሚያውቅ ሁሉ የምድር ባቡርን አቴሊየ ያውቀዋል። ስንት ሞንተር፣ ተርነርና በያጅ ከዚያ ወጥቷል። ፈረንሳይኛውን ሳይቀር ከሥራው ጋር ነው የተማሩት። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ልደታ ያለው የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ በድሮ አጠራሩ ሕንፃ ኮሌጅ፣ ከስዊድን መንግሥት ጋር በ1940ዎቹ ሲቋቋም ማስተማርን፣ የግንባታ ዕቃ ምርመራንና ጥናትን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ተማሪው ከሚማርበት ክፍል አጠገብ ሲሚንቶና እንጨት ይፈተን ነበር። ይህ ሐሳብ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፣ የተውነው ነው የሚመስለኝ።

የተውነው እንዴት ነው? በመብዛት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1999 ዓ.ም. ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ብዙ ዩኒቨርሲቲ አንድ ላይ ነበር የተከፈተው። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚል ፖሊሲ መጣ። ኮንዶሚኒየምና መንገድ በየቦታው ይሠራ ስለነበር የሰው ፍላጎት እውነት ነበር። እኔ ፖሊሲውን አልረግመውም። ባይከፈት ኖሮ ከእናንተ ስንቶቻችሁ ግቢ የሚባል ነገር አታዩም ነበር። ግን ወንበሩ ከማሽኑ ቀድሞ መጣ። መቶ ተማሪ አንድ ማሽን ከቦ ሦስቱ ሲነኩ ዘጠና ሰባቱ በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ሪፖርቱን ከባለፈው ዓመት ተማሪ ይገለብጡታል። ታውቁታላችሁ፣ አትሳቁ!

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያመጣችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ቀላል አይደለም። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከያዘ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ትመርጣላችሁ፣ የሚመድባችሁ ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ በ«የት ደረሰኝ» ብዙ አትጨነቁ። ድሬዳዋ ከደረሳችሁ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ሐሳብ የለባችሁም፤ ሐሮማያ ከደረሳችሁ ዳገቱን ወጥታችሁ ጃኬት ትለምዳላችሁ። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው የሚሻ ቀድሞ ይዘጋጅ። ዋናው ምርጫ የሚመጣው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ዲፓርትመንት ሲሞላ ነው፤ ያኔ የሚወስነው ነጥባችሁ ነው። ፍሬሽማን ላይ የተዝናና ልጅ በኋላ «ኮንስትራክሽን ፈልጌ ሌላ ደረሰኝ» ብሎ ቢያለቅስ ማንም አይሰማውም።

ሲቪል ወይስ ኮተም? ይህ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ሲቪሉ በዋናነት ሕንፃው፣ መንገዱ ወይም ድልድዩ እንዲቆም የሚያሰላው ነው። ኮተም፣ ማለትም ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት፣ የተሰላውን በተባለው ጊዜ፣ በተባለው ዋጋና ጥራት እንዲሠራ የሚያደርገው ነው። ፕላን፣ የሥራ መጠን ልኬት፣ ዋጋ ግምት፣ ውል፣ የማሽንና የሰው ኃይል፣ ክፍያ። ኮተምን «ሲቪል ያልደረሰው የሚገባበት» የሚሉ አሉ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ሳይት የነበራችሁ ልጆች መስክሩ እስቲ! የፌሮ ዋጋ ሲንር ቢሮው ውስጥ የሚፈለገው ማን ነበር? ውሉን አንብቦ የዋጋ ማስተካከያ የሚያስጠይቀው አንቀጽ ይኑር አይኑር የሚያውቀው፣ ካለም አስልቶ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው ነው። እሱ ያልነበራቸው ተቋራጮች ሥራ አቁመው ተቀምጠዋል። ሒሳብ የምትወዱ፣ ብቻችሁን ወረቀት ላይ መዋል የማይሰለቻችሁ ወደ ሲቪል ሂዱ። ሰው ማስተባበር፣ መከራከር፣ ቁጥርን ከገንዘብ ጋር ማገናኘት የሚሆንላችሁ ኮተም ግቡ። ሁለቱንም በእኩል አከብራለሁ።

የግል ኮሌጅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የቤተሰብ ገንዘብ የሚበላው እዚያ ነው። ስንት ቤት አውቃለሁ፣ አባት ባጃጁን ሸጦ፣ እናት ታይዋን ገበያ ላይ ያላትን መደብ አስይዛ፣ እህት ከአረብ አገር ልካ የሚከፈል ክፍያ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። መጀመሪያ ዕውቅናውን ጠይቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለዚያ ፕሮግራም፣ በዚያ ካምፓስ፣ በዚያ የትምህርት ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ዕውቅና አለው ማለት ድሬ ያለው አለው ማለት አይደለም። አካውንቲንግ ዕውቅና አለው ማለትም ኮንስትራክሽኑ አለው ማለት አይደለም። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከሰማችሁ እናንተም ክፍያውን በሂደት ላይ አድርጉት። በ2017 ደግሞ ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን ሁሉ እንደገና መዝግቧል፤ ስለዚህ የድሮ ወረቀት ፍሬም ተደርጎ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አይበቃም። ስሙንና ፕሮግራሙን ራሱ ባለሥልጣኑ ጋ አጣሩ።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ መንግሥትም ሆነ ግል የተማረ፣ መውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር በአጠቃላይ ያለፈው ከ100 ተፈታኝ 40 ገደማ ነበር። ከግል ተቋማት ብቻ ሲታይ ግን 17 ገደማ! ይህንን የምጽፈው የግል ኮሌጅ ሁሉ አይረባም ለማለት አይደለም። በደንብ የሚያስተምሩ አሉ፣ ሲያሳልፉም አይተናል። ግን ኮሌጁ ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ያውቃል። በዚህ ዲፓርትመንት፣ በዚህ ካምፓስ ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ? ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ከሰጣችሁ ደግ ነው። «የእኛ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው» ካላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

አንድ ተቋም ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ስሙን አልጠራም። የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ላብ አሳዩን ስንል ቁልፍ የያዘው ሰው አዲስ አበባ ሄዷል አሉን። በሳምንቱ ተመለስን፣ አልመጣም። በሦስተኛው ተከፈተልን። ማሽኑ አለ፣ ቆንጆ ማሽን ነው። ላስቲኩ አልተነሳም፣ የፋብሪካው ስቲከርም አልተላጠም። ስንት ዙር አስመረቃችሁ ብዬ ስጠይቅ «ሦስት» አለኝ፣ ሳያፍር። ማሽኑ የተገዛው ለገምጋሚ እንጂ ለተማሪ አልነበረም። ስለዚህ «አሳዩኝ» ብቻ አይበቃም፤ ማሽኑ አጠገብ የተሰባበረ ኩብ ክምር አለ ወይ? ሞልዱ ዘይት ነክቶታል? የውጤት መዝገብ አለ? የሚሠራበት ላብ ቆሻሻ ነው፣ ይታያል።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን ነገር ልናገር። 50 ያላመጣ፣ ሬሚዲያልም ያልገባ ልጅ ኖሯችሁ «ዲግሪ» የሚል ቃል ለመስማት ብቻ ዕውቅናው ያልለየለት ቦታ የምትልኩት ከሆነ፣ እኔ ብሆን ቴክኒክና ሙያ እልከዋለሁ። ድሬ ላይ የኢትዮ-ኢጣሊያ ፖሊ ቴክኒክ አለን። ደረጃ 3 ወይም 4 ድረስ በሰርቬይንግ፣ በድራፍቲንግ ወይም በሕንፃ ግንባታ ቢሰለጥን፣ የሥልጠናው አብዛኛው ጊዜ ተግባር እንዲሆን ነው የታቀደው። ሲኦሲውን ካለፈ ደግሞ እጁ ላይ ያለውን የሚመሰክርለት ወረቀት አለው። ሌቭል ማሽን ተክሎ ከፍታ ማንበብ የሚችል፣ ፌሮ ሼዱሉን ከድሮዊንጉ አውጥቶ የሚያስቆርጥ ልጅ ድሬ ላይ ሥራ ፈትቶ አይውልም። ነፃ የንግድ ቀጠናው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ኮሪደሩ፣ በየሰፈሩ የሚነሳው ፎቅ አለ።

«ታዲያ ልጄ ሌቭል ተማረ ብዬ ለሰው ልናገር?» ያሉኝ እናት አሉ። እማማ፣ አልፈረድኩብዎትም። ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ልጅ ማጠራቀሚያ አድርገን የሣልነው እኛው ነን፣ መምህራኑም ጭምር። ክርክሩ ውስጥ እውነት እንዳለም አልክድም። ጨረታ ሰነድ ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚል መስፈርት አለ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝን በወረቀት ይመድባል፣ አንድ ጎበዝ የደረጃ 4 ልጅ የሚያሠራውን ሥራ ሌላ ሰው ፈርሞ ይወስድበታል። ይህ በደል ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን የምናወዳድረው ጥሩ ዲግሪን ከደረጃ 4 ጋር አይደለም። የምናወዳድረው አራትና አምስት ዓመት ከፍሎ፣ መውጫ ፈተና ወድቆ፣ ያለ ዲግሪም ያለ ሙያም ቤት የሚመለስን ልጅ፣ በሁለትና ሦስት ዓመት ራሱን ችሎ በኋላ ወደ ዲግሪ የሚያድግን ልጅ ነው። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ መሸጋገሪያው መመሪያ ሲቀያየር የኖረ ስለሆነ በዚያ ዓመት የሚሠራውን ከባለሥልጣኑ ጠይቁ፤ ከደላላ አትስሙ።

ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ሳይት ለሴት አይሆንም» የምትሉትን ሰምቻለሁ። ከተማሪዎቼ ውስጥ ክፍያ ሰርተፊኬት ላይ አንድ ሳንቲም የማታሳልፍ፣ ተቋራጩ ከሩቅ ሲያያት ቀበቶውን የሚያጠብቅላት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፣ ራሷን ታውቃለች። ኮሌጅ ስታዩ ግን የሴቶች ሽንት ቤት የት እንዳለ ተመልከቱ፣ ለኢንተርንሺፕ ሴቶችን የት እንደሚልኩም ጠይቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ትምህርት ያቋረጡብኝ ልጆች ነበሩ።

ስለ ኢንተርንሺፕ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ማኅተም ብቻ የሚሰጥ ድርጅት ጋ ስሙን አስመዝግቦ ሴሚስተሩን ሙሉ ቤቱ በርጫ ላይ የሚከርም ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ኮሌጁ ተማሪውን ሳይት ድረስ ሄዶ የሚያይ መምህር ይመድባል ወይስ በስልክ «አለህ?» ብሎ ነው የሚጨርሰው? ይህንን ከቢሮው አትጠይቁ፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው በር ላይ ቆማችሁ አራተኛ ዓመት ተማሪ ጠይቁ። እውነቱን ይነግራችኋል፣ ሻይ ከጋበዛችሁት ደግሞ ሁሉንም ይነግራችኋል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን ሳቢያን፣ መልካ ጀብዱ፣ ገንደ ቆሬ፣ የትም ሳይት ያላችሁ፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚህ ክረምት ሁለት ሁለት ልጅ መውሰድ የምትችሉ ኮሜንት ላይ የሳይቱን ሰፈርና የሥራውን ዓይነት ጻፉልኝ፤ መሠረት ይሁን፣ ሶሌታ ይሁን፣ ልስን ይሁን። ደመወዝ አልጠየቅኳችሁም። ምሳ፣ ሄልሜትና የሚጠይቁትን የሚመልስላቸው ፎርማን ይበቃል። የምልካቸው ልጆች ስም ዝርዝር እኔ ጋ አለ።